የበላበት ሳህን

ከድሮው ልብ ወለድ የተሠራው ፊልም ሳያልቅ ክፍሉን ሊገመግሙ የመጡት ሱፐርቫይዘር ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ቀጨኔ ዳገት ላይ ባለው ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ልብ ወለድ ይነበባል እንጂ አይታይም" አሏት መምህርቷን። "አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ተማሪዎችሽ ከመለሱ ትቀጥያለሽ፤ ካልመለሱ ፊልም ከዛሬ ጀምሮ ይቀራል።" መስኮቱ አጠገብ ወደተቀመጠችው ሄርሜላ ዞሩ። "ልጇ ጥሏት ሲሄድ እናትየዋ ምን አደረገች?"

"በፊልሙ ነው በመጽሐፉ፣ ጋሼ?" አለች ተነሥታ።

"በመጽሐፉ።"

"በፊልሙ ታለቅሳለች። በመጽሐፉ ግን አታለቅስም። የበላበትን ሳህን ታጥባለች።"

"ተሳስተሻል። እስከ በር ተከትላው ታለቅሳለች።"

"በቃ፣ ተበላን" አለ አንዱ ከኋላ።

ሄርሜላ አልተቀመጠችም፤ መምህርቷን አየቻት። ሰውየውን በተማሪ ፊት ማረም ከባድ ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ ልጅቷን መክዳት ነው። መምህርቷ ገጹን ገልጣ መጽሐፉን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

ሱፐርቫይዘሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

"እኔ በሬዲዮ ሲተረክ ነው የሰማሁት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እዚያ ላይ ታለቅስ ነበር።" ባዶ ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ መምህርቷ ዞሩ። "እስቲ አንቺ ፊልሙን ቀጥይ፤ እኔ ይቺን መጽሐፍ ልጨርስ።"