አድማሴ ሲጠየቅ

የንብ ዋሻ የተገኘው በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ቀን ነበር። ከቡሬ ምሽግ የወጣው የጣሊያን ጦር ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ መንገድ ላይ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በቀጥታ ወደ ዋሻው ሄደ። ውስጥ ተኝተው ቁስላቸውን የሚያስታምሙ ስድስት አርበኞች ነበሩ። ስድስቱም እዚያው ተገደሉ። አንደኛው የአርበኞቹ አለቃ የባላምባራስ እጅጉ ታናሽ ወንድም ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ባላምባራስ ሰባት ሰው አስከትለው ከቆላ ወጥተው ነበር። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ማን ነው የነገረ?» አሉ።

ጭቃ ሹሙ ዘሩ መልሱን ይዞ መጥቷል። «አድማሴ ነዋ» አለ።

አድማሴ የባልቴቷ የቻይነሽ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ቁጥር ከሦስት አያልፍለትም። እናቱ ግን እጁን ይዛ አሥር ጊዜ ያሳየችውን ሥራ አይረሳም። ማረስን እንዲህ አድርጋ አስተምራዋለች። ወደ ንብ ዋሻ ውኃ መሸከምንም እንዲህ አድርጋ አስተምራዋለች፤ ለቁስለኞቹ ስንቅ የምታደርስ እሷ ነበረች።

ዋሻው ከመገኘቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ ወታደሮች አድማሴን ያዙት። ሲጠሩት ዝም አለ ብለው ነው። ቻይነሽ እየሮጠች መጥታ ሽማግሌ እንዲላክላት ለመነች።

«ለአንድ ጅል ተብሎ ሰው ወደ ምሽግ አይላክም» አላት ዘሩ። ማንም አልተቃወመውም።

ረቡዕ ዕለት ብቻዋን ሄደች። በዚያው ቀን ልጇን ይዛ ተመለሰች። ጅልነቱን አይተው ለቀቁት ተባለ።

«ከምሽግ የሰነበተ እሱ ነው» አለ ዘሩ አሁን። «ዳቦ ሲያበሉት ነው የሰነበቱ። እዚሁ ይጠየቅ።»

አድማሴን የኋሊት አስረው መካከል አቆሙት። ዘሩ ዱላውን ይዞ ቀረበው።

«ጣሊያኖቹ ጠየቁህ?» ሲል ጮኸበት።

«አዎ።»

«ዋሻውን ነገርኻቸው?»

«አዎ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ከሟቾቹ የአንዱ ሚስት ንግሥቴ ድንጋይ አነሣች።

ቻይነሽ ሰዉን እየገፋች ገባች። ልታለቅስ የመጣች መስሏቸው ነበር፤ አላለቀሰችም። ዘሩን በትከሻዋ ገፍትራ ልጇ ፊት ቆመች። እሷም ጮኸችበት።

«አድማሴ፣ የቡሬን ገበያ ያቃጠልኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ባላምባራስ እጅጉን የወለድኻቸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

ማንም አልሳቀም።

«ሰማችሁ?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «ለጮኸበት ሁሉ አዎ ይላል። ማን አስተማረው? እናንተ ናችሁ። አህያ ጠፋ ብላችሁ ገረፋችሁት፤ አዎ ሲል ዱላው ቆመለት። አዝመራ ተበላ ብላችሁ ገረፋችሁት፤ አዎ ሲል ዱላው ቆመለት። ልጆቻችሁ ሲፈነክቱት ቆማችሁ ሳቃችሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ከመካከላችሁ ሲኖር አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ያናገረው የለም። ሲታሰር ሰው ነው ብሎ የሄደለት የለም። ዛሬ የሚገደል ሲፈለግ ጊዜ ሰው ሆነ?»

ንግሥቴ ድንጋዩን ጣለች።

ባላምባራስ ወደ እሷ ዞሩ። «ታዲያ እንዴት ይጠየቅ፣ እመት ቻይነሽ?»

«እንደ ሰው» አለች።

ገመዱን ፈታችለት። መሬት ላይ አስቀምጣው አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ያዘች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከምሽግ ምን በላህ?»

አድማሴ ዝም አለ። ሰዉ መንሾካሾክ ሲጀምር በእጇ ዝም አሰኘችው። ብዙ ቆየ።

«ዳቦ» አለ። «ጠጠር ነበረው።»

«አያችሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት። አትጩኹበት። መልሱን አፉ ላይ አታስቀምጡለት። ጠብቁት። ልጄ መዋሸት አያውቅም፤ እሱም እንደ ቁጥሩ አልገባለትም።»

«ይህ ሁሉ ማዘናጊያ ነው» አለ ዘሩ። የሰዉ ዓይን ግን እሱ ላይ ዞሮ ነበር።

ደረሰ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ቀሰሩበት። «አንተስ ረቡዕ ቡሬ አልነበርህም?»

«ማር ልሸጥ ነው የሄድሁ።»

«ገበያው ቅዳሜ፣ ማሩ ረቡዕ? ልጁን ለማስገደል እንዲህ ያጣደፈህስ ምንድን ነው?»

ከአድማሴ እጅ የተፈታው ገመድ በዘሩ እጅ ላይ ታሰረ። ዘሩ በማርያም ስም ማለ፤ የሰማው የለም። ቻይነሽ ይህን ሁሉ ተቀምጣ አየች።

ባላምባራስ ተነሡ። «ወንድሜን ቀብሬያለሁ» አሉ። «ቢሆንም በጥርጣሬ ሰው አልገድልም። ምስክር እፈልጋለሁ።»

ጠመንጃቸውን ለአሽከራቸው ሰጥተው መጡና አድማሴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ደክሞታል፣ ባላምባራስ» አለች ቻይነሽ። «ይተዉት። ወደ ቤት ልውሰደው።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እመት። እንዳስተማርሽን አድርጌ።»

የአድማሴን እጅ ያዙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዋሻውን ለጣሊያኖቹ ማን ነገራቸው?»

ጠበቁ። ዘሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ባላምባራስ አላጣደፉትም፤ አልደገሙለትም።

«እማ» አለ አድማሴ። «ከዚያ ፈቱኝ።»