ፍሪሲዮን ይዞ መውረድ

ይህን ታሪክ ስለማወራ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የአንድ ባለ አራት ጎማ የጭነት ሞተር የማርሽ ጥርስ መበላት ነው፤ የተከበረ አንባቢ በጥርስ ጉዳይ ጊዜውን ማባከን አይገባውም ነበር። ግን ምን ይደረግ፣ ጥርሱ ተበልቷል።

ሞተሩ የካሳሁን ነው። ካሳሁን የቆጮ ነጋዴ ነው፤ ከአገና በላይ ካሉት መንደሮች ቆጮ ያስወርድና ከአስፋልቱ ዳር በአይሱዙ ወደ ወልቂጤ ይልካል። ደግ ሰው ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም። እሱ ግን ይህን ጨዋታ አዋቂነት ይለዋል።

ሞተሩን ግንቦት ላይ የገዛው ወልቂጤ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው በዋጋ አልተከራከሩም። “ባለቤቱ ሄዷል። ብቻ ከዓይኔ አርቅልኝ” አሉ። ካሳሁንም ‘ዓረብ አገር ይሆናል’ ብሎ በርካሽነቱ ተደሰተ። የጭስ ማውጫው በብየዳ የተጠጋገነ ስለሆነ ሞተሩ ሲነሳ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ያስላል፤ ከሺህ ሞተር መሀል ይለያል።

ሾፌሩ ዑመይር ይባላል። ሞተሩ በተገዛ በሳምንቱ ራሱ መጥቶ “ጋሼ፣ እኔ ልንዳው” ብሎ የተቀጠረ ዝምተኛ ልጅ ነው።

ነሐሴ ላይ ማርሹ አልገባ አለ። የወልቂጤው መካኒክ ሙስተፋ ካምቢዮውን ከፍቶ ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

“ጋሽ ካሳሁን፣ ይሄ ሞተር ቁልቁለት የሚወርደው ጠፍቶ ነው። ፍሪሲዮን ይዘው ያንሸራትቱታል። ሞተሩ ቆሞ ጎማው ብቻ ጥርሱን ሲያዞረው ዘይት አያገኝም። ታች ሲደርሱ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ዱብ አድርገው ይለቁታል። እንዴት አይበላ!”

“ቤንዚን ቆጥቦ በሃይላንድ ሊሸጥ ነዋ!”

“ሲወጣስ በየት ነው የሚወጣው?”

“ዙሪያውን፣ በእንጨት ድልድዩ። ጭነት ይዞ አያሻግርም እንጂ ባዶውን ይችለዋል።”

“ቤንዚን ሌባ ዙሪያውን ይወጣል እንዴ?”

“ሌባ መች አእምሮ አለው!” አለ ካሳሁን።

ሙስተፋ ጥርሱን ቀይሮ ከገጠመለት በኋላ ካሳሁን ዑመይርን ጠርቶ ጠየቀው።

“ሞተር አጥፍተህ ነው የምትወርደው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ለምን?”

ዑመይር ጫማውን አየ። “ወላሂ ቤንዚን አልነካሁም።”

“ለምን ነው ያልኩህ!”

“ጋሼ፣ ይቅርብዎት።”

ይቅርብዎት የተባለ ነገር ካሳሁንን እንቅልፍ ይነሳዋል። በማግስቱ ቁልቁለቱ መሀል፣ እንሰት ውስጥ ገብቶ አደፈጠ። ዑመይር ቆጮውን ጭኖ እያሳለ መጣ። ከመንገዱ ዳር ካለው የጎረቤቱ የእትዬ መንበረ አጥር ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አጠፋና እንደ ድመት ተንሸራቶ አለፈ።

ካሳሁን ሌላም ጉድ አየ። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሁለት ሴቶች ጥምዝምዙ ላይ ቆመው ሻሻቸውን ፈቱ። ጥቁሩን ዘምቢል ውስጥ ከተው አበባ ያለበትን አሰሩ፤ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ እየተሳሳቁ ወደ እትዬ መንበረ ደጅ ገቡ። ዑመይር ሲያልፍ አንገቱን ነቅንቆላቸው ነበር።

“ግብረ አበሮች!” አለ ካሳሁን፤ ተከትሎም ገባ።

እትዬ መንበረ ልባቸውን ታመው ከሆስፒታል ከወጡ ገና ወራቸው ነው። ቅቤ እያነጠሩ አገኛቸው።

“ግባ ካሳሁን። ይሄ የመስቀል ቅቤ ነው። ይትባረክ ልጄ ከቡታጅራ ይመጣል። ሥራ በዝቶበታል አሉ፤ ስልክ እንኳ የሚደውለው ወልቂጤ ላሉት አጎቱ ነው።”

ሁለቱ ሴቶች የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ሳቁ።

“እኔ እንኳ የመጣሁት በሾፌሬ ነው። ዑመይር ሌባ ሆኖብኛል።”

“ዑመይር? የልጄ ጓደኛ?” አሉ እትዬ መንበረ። “ሌባስ አይደለም። ግን ምን እንዳስቀየምኩት እንጃ፣ ክረምቱን ሙሉ ደጄን አልረገጠም።”

ለካሳሁን ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። ሌባ ደጅ አይረግጥም።

በዚያው ቀን ዑመይርን አባረረው። ልጁ ስለ እንጀራው አንድም ቃል አልተነፈሰም። “ጋሼ፣ የሚነዳውን ሰው ብቻ እኔ ልምረጥ” ብሎ ለመነ።

“ሌባ ሌባ ሊመርጥልኝ! እኔው እነዳዋለሁ።”

ነዳው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሙስተፋ እንዳዘዘው፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ሞተሩ እያሳለ ወረደ። ከአጥሩ በላይ ከሴቶቹ አንዷ፣ የእትዬ መንበረ የእህት ልጅ አሰፋሽ፣ ጥቁር ሻሿን በእጇ እንደያዘች ሮጣ መንገዱ መሀል ቆመች።

“አጥፋው! በዑራኤል፣ አጥፋው!”

ፍሬን ያዘ። አሰፋሽ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ጥቂት ቃል ተናገረች። ካሳሁን ቁልፉን አጠፋ።

ከአጥሩ ውስጥ የእትዬ መንበረ ድምፅ መጣ። “አሰፋሽ! ምንድን ነው የሰማሁት?”

“ወፍጮው ነው እታባ! ወፍጮው!”

ካሳሁን ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ተንሸራተተ። ማታውን ዑመይር ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሙስተፋ ካምቢዮውን እንደገና ከፈተ።

“እንደገና! ሌላ ሌባ ቀጠርክ እንዴ?”

“ዑመይር ተመልሷል። እሱ ካልተመቸው እኔ እነዳለሁ።”

“ታዲያ ፍሪሲዮን የሚይዘው ማን ነው?”

“ሁለታችንም።”

ሙስተፋ አፍጥጦ አየው። “ይሄን የሚያስል ጭስ ማውጫስ ልቀይርልህ?”

“ዑመይር አያስነካም። የበየደውን እጅ ያውቀዋል። አንተ ጥርሱን ብቻ ግጠምልኝ።”

ካሳሁን፣ ወሬ የማያድርበት ሰው፣ ይህን ነገር ለማንም አላወራም፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እኔም ለእናንተ ብቻ ነው የነገርኩት። አደራ፣ ወደ አገና የምትወጡ ከሆነ ለማንም እንዳትደግሙት፤ ሞተሩ የይትባረክ ነበር፣ መርዶው ለእናቱ ገና አልተነገረም።