አንድ ጉርሻ

በእኛ ዘመን ካሜራ የቀረፀውን ስሜት ከተቀረፀው ሰው ላይ ወስዶ ያስቀራል። ባለገንዘቦቹ ለፊልማቸው የሌላ ሰው ፍቅር ይገዛሉ። ባሌ ምናሴ ግን አጭር አስቂኝ የፍቅር ፊልሙን በራሱ አቅም ስለሠራ የእኔን ወሰደ።

"አንዲት ጉርሻ ብቻ ናት፣ ፋንዬ" ብሎ ለመነኝ። እሱ ከካሜራው ኋላ ቆሞ እጁን ብቻ ዘረጋ። አጎረሰኝ፤ ወጡ ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ፤ እንደ ሠርጋችን ዕለት ከልቤ ሳቅኩ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገመኝ እንጂ!" ስለው ካሜራውን አጥፍቶ "በቃ፣ ተቀርጿል!" አለኝ።

አሁን ተመልካቹ ሳቄን እያየ በሳቅ ይፈርሳል።

ዛሬ ምሳ ላይ ሽሮውን ጠቅልሎ ወደ አፌ አስጠጋ። የማላውቀው ሰው እጅ ሆነብኝና ፊቴን አዞርኩ።

"ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? ያኔ ድገመኝ ስትዪ አልነበር?"

"ያኔ ነበራ!"

ጉርሻውን ትሪው ላይ ወርውሮ ካሜራውን አነሳ። "ኩርፊያሽ ራሱ ያስቃል። ለክፍል ሁለት ይሆነናል።"

ሌንሱን ወጥ በነካው እጄ ሸፈንኩት።

"ንዴቴን እንዳትነካ! ላንተ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።"