የምራቷ ተራ

ከጋምቤላ የመጣችው ሙሽራ ገና ደጃፉን ስትረግጥ፣ አማቷ ማን እንደምትባል እንኳ ሳይጠይቁ፣ እንደ አገራቸው ወግ «ውድነሽ» የሚል አዲስ ስም አወጡላት። ሴት ልጅ ስትወልድ፣ «የእኔን እርስዎ አውጥተዋል፤ የልጄን እኔ ላውጣ» ብላ «ኛሉዋል» አለቻት።

«ምን አልሽ?» አሉ አማት።

«ኛ... ሉዋል። ይለማመዱት፣ እማማ።»

እስከ ክርስትናው ድረስ ምላሳቸው ተንገላታ። አጣመው በጠሩ ቁጥር ሕፃኗን ከእቅፋቸው ትወስድባቸዋለች።

የክርስትናው ዕለት፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ አማት የልጅ ልጃቸውን ከፍ አድርገው ያዙና ጥርት ባለ ድምፅ «ኛሉዋል!» አሉ።

«አቤት!» አለች ምራታቸው ከጓዳ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! አባቴ ባወጣልኝ ስም ሲጠሩኝ ዝም ልበል?»