በወሊድ የሞተችው ሚስት

መጽሐፉ ሃያ ዓመት ሞላው ተብሎ አዳራሹ ጢም ብሏል። የታሪኩ ዋና ሰው ይሰክራል፣ ይዋሻል፣ እርጉዝ ሚስቱን ጥሎ ይጠፋል፤ ሰዉ ግን ያጨበጭብለታል።

«ጀግና አይደለም፤ ግን እንወደዋለን» አሉ መጽሐፉን የሚተነትኑት መምህር። «ሚስቱ ይርገዱ በወሊድ ስትሞትበት አብረነው አላለቀስንም?»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ብድግ አለች።

«ምኑ ነው የሚያስለቅሰው? ጥሏት ሲሄድ እኮ ጤነኛ ነበረች! ሞተች ካላችሁስ ማን ቀበራት? የትኛው እድር ጡሩምባ ነፋላት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ደራሲ ብቻ አልሳቀም፤ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ ልቦለድ እኮ ነው» አሉ መምህሩ። «ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ልጄ ያኔ ተማሪ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ይህንን ልቦለዳችሁን አንብቢ ተብላ አንብባ፣ እያለቀሰች መጣች። ‹እማዬ፣ አባቴ ለምን ገደለሽ?› አለችኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ወደ ደራሲው ዞረች።

«ስሜን እንኳ አልቀየርክም፣ አንተ! መግደሉንስ ገደልከኝ፤ ተዝካሬን መች አወጣህ?»