የስለት ጃንጥላ

ክፍያ የማይጠይቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ማደሪያም ርካሽ የሆነበት አገር ፈልጋ እስክታገኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። የመግቢያ ደብዳቤው ሲመጣ እናቷ መሬት ሳሙ። "አይዞሽ፣ ለገብርኤል ተስያለሁ" አሏት። ኤምባሲው በር ድረስም እየጸለዩ ሸኟት።

ቪዛ ተከለከለች። እናቷ አቅፈው፣ "ለበጎ ነው ልጄ" እያሉ አባበሏት።

ለገብርኤል ንግሥ አዲስ ጃንጥላ አሸክመው ወሰዷት።

"ለተከለከልኩት ደግሞ ምን ስለት ይገባል፣ እማዬ?"

"ስለት አይታጠፍም፤ ዝም ብለሽ ያዢ።"

ጃንጥላውን ለዲያቆኑ አስረከበች። ወዲያው ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ "ወይዘሮ በላይነሽ፣ 'ልጄ ባሕር ተሻግራ እንዳትሄድብኝ' ብለው ተስለው፣ ስለታቸው ሰምሮላቸው ጃንጥላ አምጥተዋል። እልል በሉ!"

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማት ከጎኗ የወጣው ነበር።