ስቶክሆልም ያለው አማቼ

ልጄ ፍቅርተ ስትወልድ ላርሳት ስቶክሆልም ሄድኩ። ባሏ ስዊድናዊ ነው፤ ስለ ድሮ ዘመን ሰዎች ልቦለድ ይጽፋል። የተከበረ ሥራ ነው ብዬ ነበር። በሩ ሲከፈት ግን ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ።

«እማዬ፣ አሁን ስለ ድሮ ወታደር እየጻፈ ነው» አለችኝ። «ወታደሩ ክረምቱን ሙሉ ገላውን አልታጠበም። ባሌ ደግሞ ስለ አንድ ሰው ሲጽፍ ያ ሰው ያደረገውን ራሱ ሳያደርግ አይጽፍም።»

ኤዲያ! ጢሙ ላይ ቅማል ይሄዳል። የገማ ዓሣ በጣቱ እየዛቀ ይበላል፤ ወታደሩ በልቷላ! ቅማሉ እንዳይደርስባት ብዬ ሕፃኗን በነጠላዬ ሸፍኜ መኝታ ቤት ስዘጋባት ከረምኩ።

መጽሐፉ ሲያልቅ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ታጠበ፣ ተላጨ፣ ሰው መሰለ። ደስ ብሎኝ ሕፃኗን ታቅፌ ሳሎን ወጣሁ።

«እስቲ ጠይቂልኝ፣ ቀጥሎስ ስለ ማን ሊጽፍ ነው?»

ጠየቀችው፤ መለሰላት።

«በረሃብ ዘመን ልጁን ስለ በላ አባት» አለችኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

አማቼ ፈገግ አለና ሕፃኗን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ።